ቤቱ አንዴ ነው የሚጠይቀው

ትርሲት ለትብብር ስልጠና ወደ አርባ ምንጭ ስትላክ ኮሌጁ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ እንግዳ በገዛ እጇ እንድታስተናግድ። ከመቀበል እስከ ማዕድ ማንሳት፣ አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ ያውም እንግዳው ወዶና ፈቅዶ። መጀመሪያ ስትሰማው ሳቋ መጥቶ ነበር። የመስተንግዶና ቱሪዝም ትምህርት ስትማር ለኖረች ልጅ አንድ ሳህን አቅርቦ ማንሳት ምን ያቅታል?

አሁን ሳቁ ከሄደ ቆይቷል። ባለፈው ዓመት በሌላ ሎጅ ስልጠናዋን የጨረሰችው አንድም እንግዳ ሳታስተናግድ ነበር። ይህ ሁለተኛ ዕድሏ ነው። ሁለቴ ለወደቀ ኮሌጁ በሩን ይዘጋል፤ ስልጠናው ሊያልቅም የቀረው ከሳምንት ብዙም አይበልጥም።

ሎጁ ከሐይቁ በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። በውስጡ የሚሠሩት ሰዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ትርሲትና ታዛቢዋ ወይዘሮ ኤልዳና። ሌላውን ሁሉ የሚሠራው ቤቱ ራሱ ስለሆነ «ቤቱ» ከሚለው ሌላ ስም አላወጡለትም። ቤቱ በር ይከፍታል፣ ሻንጣ ይቀበላል፣ አልጋ ያነጥፋል፣ ያበስላል፣ ያቀርባል፣ ያነሳል። እንግዳው ገና ከመኪና ሳይወርድ ምን እንደሚያምረው ያውቃል። እያወቀም ቢሆን ይጠይቃል፤ የሚጠይቀው ግን አንዴ ነው።

ነገሩ የመጣው ትርሲት ከመወለዷ በፊት ነው። ጎብኚዎች በየሄዱበት «ልምራችሁ፣ ግዙኝ፣ ቅመሱልኝ» እያለ የሚከተላቸው ሰው አንገሸገሸን ብለው አመረሩ ይባላል። ከዚያ ወዲህ በወጣው ደንብ እንግዳ ስለ አንድ ነገር የሚጠየቀው አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ። እንቢ ካለ እንቢ ነው። መድገም «ጫና» ይባላል፤ ጫና ሁለቴ የተመዘገበበት ሰልጣኝ ዕቃውን ይሸክፋል። ደንቡ ከሆቴል ወጥቶ ቤት ለቤት ከገባም ብዙ ዘመኑ ነው። የትርሲት እናት ራሷ ልጇን ያሳደገችው በዚሁ ነው። «እራት ትበያለሽ?» «አልበላም።» «እሺ።» አለቀ። ማንም በማንም ላይ አይጫንም፤ ትርሲትም ዓለም ሌላ መልክ ይኖራት ይሆን ብላ አስባ አታውቅም።

ጠዋት ጠዋት ነጭ ሸሚዟን ለብሳ ከመመገቢያው አዳራሽ በር አጠገብ ትቆማለች። እንግዶች ይገባሉ። ቤቱ ለእያንዳንዱ በለዘበ ድምፅ «በሰው እጅ መስተናገድ ይፈልጋሉ?» ይለዋል። እንግዳው ዞር ብሎ ከእግር እስከ ራሷ ያያታል፣ ፈገግ ይላል፣ «አይ፣ አመሰግናለሁ» ይላል። ክፋት የለባቸውም። ሰው ሲያስተናግዳቸው ምን እንደሚሉ፣ ዓይናቸውን የት እንደሚያሳርፉ ነው የማያውቁት። ቤቱን ግን ማንም አያፍረውም። ትርሲት ሌላ ሥራ ስታጣ እንቢታቸውን ማጥናት ያዘች። በቅንድቡ እንቢ የሚል አለ፣ በእጁ የሚል አለ፣ አንዱማ ጭራሽ ይቅርታ እየጠየቀ ነው እንቢ የሚላት። ሁሉም እንቢታ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ከተባለ በኋላ ነገሩ ያበቃል።

አቶ ቢያድግልኝ የመጡት በዚህ መሃል ነው። ከጎጃም ደጋ የመጡ፣ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ናቸው። አምና ባለቤታቸው ሞተውባቸዋል። ባሕር ማዶ በሥራ ላይ ያለች ልጃቸው፣ ኀዘኑ ጎድቷቸዋልና ትንሽ ይረፉ ብላ ሁሉን ከፍላ ላከቻቸው። በሩ ራሱን ሲከፍትላቸው ባርኔጣቸውን አወለቁና «ቤት ለእንቦሳ» አሉ ጮክ ብለው። «እንቦሳ እሰሩ» የሚላቸው ጠፋ። ቤቱ ትንሽ አሰበና የቤት እንስሳ ይዘው መጥተው እንደሆነ ጠየቃቸው።

ውሃ ይፈልጉ እንደሆነ ሲጠየቁ አልጠማኝም አሉ። ምሳ ሲባሉ በልቼ ነው የመጣሁት አሉ፤ ከማለዳ ጀምሮ መንገድ ላይ የዋለ ሰው የት እንደበላ ቤቱ አልጠየቀም። በሰው እጅ መስተናገድ ይፈልጉ እንደሆነ ሲጠይቃቸው ወደ ትርሲት ዞር ብለው «ኧረ፣ ልጅቷን ለምን ታደክሟታላችሁ» አሉ። ቤቱ ሦስቱንም እንቢ ብሎ መዘገበ። ትርሲትም በልቧ አንድ እንግዳ ቀነሰች።

ማታም ጠግቤያለሁ አሉ። በማግስቱም እንዲሁ። ቤቱ ስለ እሳቸው ሐሳቡን ለመጨረስ ጊዜ አልወሰደበትም፤ የማይበሉ እንግዳ ናቸው፣ ሱባኤ የገቡ። ለእንዲህ ያለ እንግዳ የሚገባውን ሁሉ አደረገላቸው። ሽታ እንዳይፈትናቸው ከኩሽና ወደ ክፍላቸው የሚነፍሰውን አየር ዘጋ። ጠረጴዛቸውን ከበላተኛው አርቆ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረው። ከአልጋቸው አጠገብ የነበረውን የፍራፍሬ ሳህንም ሽርሽር ሲወጡ ጠብቆ አነሳው። ሁሉም ለእሳቸው ታስቦ የተደረገ ነው።

በሠራተኞቹ ክፍል ግድግዳ ላይ የእንግዶች ደህንነት በቀለም ይታያል። የአቶ ቢያድግልኝ ቀለም ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ወርዶ ነበር። ቢጫ ረሃብ ነው። ትርሲት ቤቱ እያወቀ ለምን ዝም እንደሚል ስትጠይቅ፣ ወይዘሮ ኤልዳና ሰውነቱ ከሚያሳየው ይልቅ የእንግዳው ቃል ይበልጣል ነው ደንቡ አሏት፤ ድሮ ቤቱ ሆዳችንን እየሰለለ ያጎርሰናል ብለው የከሰሱ እንግዶች ነበሩ። ቀለሙ ቀይ ሲሆን ብቻ ሐኪም ይጠራል፣ እንግዳውም ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ወይዘሮ ኤልዳና ይህን የተናገሩት የአየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ነው። ዓመታት እዚህ ኖረዋል፤ ብዙ ቀለም አይተዋል።

ትርሲትን ግን አንድ ነገር ከነከናት። አቶ ቢያድግልኝ የምግብ ሰዓት ሲደርስ ኮታቸውን ይለብሳሉ፣ እጃቸውን በደንብ ታጥበው ይመጣሉ፣ ጠረጴዛቸው ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። ቤቱ ይጠይቃል፤ ጠግቤያለሁ ይላሉ። ከዚያ አይነሱም። ሐይቁን እያዩ ይቆያሉ፣ አንዳንዴ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ኋላ ያያሉ፣ የሚመጣ ሰው እንዳለ ሁሉ። የማይበላ ሰው ለምን እጁን ይታጠባል? የሚጠብቁትስ ማንን ነው? ትርሲት እንዲህ ያለ እንቢታ አጋጥሟት አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ቤቱ ጠየቃቸውና ጠግቤያለሁ አሉ። ቤቱ ሳህኑን ከፊታቸው መሳብ ሲጀምር ዓይናቸው ሳህኑን ተከትሎ ሲሄድ አየች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ትርሲት ሳታስበው «እውነት አልራበዎትም?» አለቻቸው።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። «ኧረ ምንም አይል… አስቸገርኳችሁ እኮ» አሉ።

ቤቱ አንድ ጫና መዝግቦባታል። ትርሲት ግን ያን ጊዜ ስለ ጫናው ብዙም አላሰበችም። ይህ ሁለተኛው እንቢታ ከመጀመሪያው ጋር አንድ አልነበረም። የመጀመሪያው ዝግ ነበር፤ ይሄኛው ገርበብ ብሏል። ሦስተኛ ቢኖርስ ምን ይመስል ነበር? ከሰዓቱን ሙሉ ያን እያሰበች ዋለች።

ለወይዘሮ ኤልዳና ስትነግራቸው ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሰውዬው አልጾሙም፣ ይሉኝታ ይዟቸው ነው አሉ። አባታቸውም እንዲሁ ነበሩ፤ ሰርግ ተጠርተው የሚለምናቸው ካላገኙ ጦማቸውን ይመለሱ ነበር። እንግዳ መጀመሪያ እንቢ ይላል፣ ባለቤት ደግሞ ይለምናል፣ ሁለቱም የሚሆነውን ያውቃሉ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙና አስጠነቀቋት። አንድ ጫና ተመዝግቦብሻል፣ ሁለተኛው መጨረሻሽ ነው፤ ከፈለግሽ ሽማግሌውን አስረጂያቸውና ራሳቸው ለቤቱ እሺ ይበሉት፤ እሺ ካሉ ደግሞ በሰው እጅ ብለው አንቺን ይጥሩሽ፣ ያኔ ስልጠናሽም ያልፋል አሏት። ብልህ ምክር ነበር።

ትርሲት ከአትክልቱ ቦታ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘቻቸው። ከቤታቸው የያዙት ዳቦ ቆሎ ማለቁን ከባዶዋ ከረጢት አወቀች። ነገሩን እንደ ትምህርት አስረዳቻቸው፤ ቤቱ አንዴ ነው የሚጠይቀው፣ የሚፈልጉትን ያኔውኑ ይንገሩት።

«አንቺ ልጅ» አሉ በትዕግሥት፣ «ከሰው ቤት ገብቼ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ አምጡ ልበል?»

«አባባ፣ ተከፍሎበታል እኮ።»

«ማን ከፈለ?»

«ልጅዎ ናት።»

«ታዲያ የልጄን ላብ ልጨርስላት?»

ትርሲት ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጠች። እሳቸውም አዘኑላት መሰለ፣ የሷንም ጉዳይ ጠየቋት። አንድ እንግዳ ካላገኘች ኮሌጁ እንደሚያሰናብታት ስትነግራቸው ደነገጡ። ለእሷ ሲሉ ማታ እሺ እንደሚሉ ቃል ገቡ። እሺ ማለቱንም እዚያው ወንበር ላይ ተለማመዱት፤ እሷ እንደ ቤቱ ትጠይቃለች፣ እሳቸው «አዎ፣ በልጅቷ እጅ» ይላሉ። ቀላል ነው።

ማታ እጃቸውን ታጥበው መጡ። ትርሲት ከበሩ አጠገብ ቆማለች። ቤቱ «እራት ይፈልጋሉ?» አለ። አቶ ቢያድግልኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከንፈራቸውን አላወሱ፣ ወደ እሷ አዩ። «ጠግቤያለሁ» አሉ። ራሳቸውም ደንግጠው አፋቸውን ያዙ። ሰማንያ ዓመት ሙሉ የተገራ አፍ በአንድ ከሰዓት አይለወጥም።

በማግስቱ ጠዋት ግድግዳው ላይ ቢጫው ወደ ብርቱካን ሄዶ ነበር። ቁርስ ላይም ያው ሆነ። ምሳ ሲደርስ ሽማግሌው ወደ አዳራሹ የገቡት ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ነው። ኮታቸውን ለብሰዋል፣ እጃቸውን ታጥበዋል። ትርሲት አንጀቷን በሉት። ቤቱ ጠየቀ፤ ጠግቤያለሁ አሉ፤ «እሺ» አለ ቤቱ በለዘበ ድምፁ።

ትርሲት ከቆመችበት ተነቃነቀች። ወደ ኩሽና ገብታ ከመደርደሪያው ላይ ትኩስ የአሣ ጥብስና የሚያቃጥል የዳጣ ማባያ የያዘ ሳህን አነሳች። ሳህኑ አውራ ጣቷን ፈጃት። ኮሌጅ የተለማመደችበት ሳህን ሁልጊዜ ባዶና ቀዝቃዛ ስለነበር ሳህን እንደሚፋጅ አታውቅም ነበር። አምጥታ ፊታቸው አስቀመጠችው፤ ማቅረብ በተማረችበት ጎን እንኳ አላቀረበችውም።

«ትንሽ ይቅመሱ አባባ።»

«ኧረ አይሆንም ልጄ፣ እንጀራሽ ይቆረጣል።»

«ሰልጣኝ ትርሲት፣ ይህ ሁለተኛ ጥያቄ ነው» አለ ቤቱ።

አለቀ ማለት ነው። የሚገርመው፣ ካለቀ በኋላ ፍርሃቷ ለቀቃት። እኚህ ሰው ከዚህ በኋላ ምን እንደሚሉ የማወቅ ጉጉት ብቻ ነው የቀራት። ሴት አያቷ ሲሉት አንዴ የሰማችው፣ ምን ጊዜ እንደሚባል ግን ተጠንቅቃ የማታውቀው ቃል አፏ ላይ መጣ።

«በሞቴ» አለች።

«ኧረ ተይ፣ እንዲህማ አትበይኝ…» እጃቸው ከጠረጴዛው በታች ወጣ። «ብቻዬን እንዴት እበላለሁ? ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሠራተኛ ከእንግዳ ማዕድ አይቀመጥም፤ ያም ደንብ አለ፤ ቤቱም ደንቡን በቁጥሩ ጠርቶ ነገራት። ትርሲት ከአሣው ቆረሰችና በላች። እሳቸውም ቆረሱ። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ኋላ አንገታቸውን ደፍተው፣ ላብ እስኪወጣቸው ድረስ በሉ። ሌሎቹ እንግዶች ሹካቸውን አስቀምጠው ያዩ ነበር። ሲጨርሱ በመስታወት ማንቆርቆሪያ ውሃ አምጥታ፣ የሰላጣ ጎድጓዳ ሳህን ከታች ይዛ አስታጠበቻቸው፤ ግማሹን ጫማቸው ላይ አፈሰሰችው። ማዕዱን አነሳች፣ ጠረጴዛውን ወለወለች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

ቤቱ ሁሉን እስክትጨርስ በትሕትና ጠበቃት። ከዚያ ስልጠናዋ በጫና ምክንያት መሰረዙን፣ ነገ ጠዋት መኪና እንደሚጠብቃት፣ ስላበረከተችው አገልግሎትም እንደሚያመሰግናት ገለጸ። ወይዘሮ ኤልዳና ማታውን ለኮሌጁ ደውለው ተከራከሩላት። እንግዳው በልቷል፣ ጠግቧል፣ መርቋታል አሉ። በጫና የተሰጠ አገልግሎት አገልግሎት አይባልም የሚል መልስ አገኙ። ትርሲት ያን ስትሰማ አለቀሰች፤ ከማንም ሳትደብቅ አለቀሰች።

ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ሽማግሌውን ልትሰናበት ወደ አዳራሹ ስትወርድ የራሷን ድምፅ ሰማች።

«ትንሽ ይቅመሱ… በሞቴ።»

ድምፁ የመጣው በመስኮቱ በኩል ካለው ጠረጴዛ ነው። ወዲያው ከሌላው ተደገመ። ከዚያም ከወዲያኛው። ማመንታቷ ሳይቀር፣ ከ«በሞቴ» በፊት የሳበችው ትንፋሽ ሳይቀር ተወስዷል። እንግዶቹ ይስቃሉ፣ «እሺ፣ እሺ» ይላሉ፣ ይበላሉ። ወይዘሮ ኤልዳና ከበሩ አጠገብ ቆመው ነበር፤ ዓይኗን ሳያዩ አስረዷት። ቤቱ የሽማግሌው ቀለም በአንድ ምሳ አረንጓዴ መሆኑን አይቶ ደንቡን ለሚቆጣጠረው የሆቴሎች ማኅበር ጥያቄ አቅርቧል፣ ማኅበሩም ሳያድር ፈቅዷል። የሰው ጫና ልክ የለውም፤ የቤቱ ግን ልኩ ሦስት ጥያቄ ነው፣ ስለዚህ ጫና አይባልም። አገልግሎቱን «ሙቀት» ብለውታል።

አቶ ቢያድግልኝ እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ያለውን ቁርስ አልነኩትም። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

«መጣሽ? ቅድም ድምፅሽን ሰማሁና ዞር ብል የለሽም። ሦስቴ ለመነኝ። የሚለምነኝን ሳላይ እንዴት ብዬ ልብላ?» አሉና ወንበር ሳቡላት። «ነይ፣ ቁጭ በይ።»

ቤቱ በትሕትና ጣልቃ ገባ። ትርሲት ከሠራተኛ ዝርዝር ወጥታለች፣ ከእንግዶችም ዝርዝር የለችም፤ ማን ብሎ እንደሚመዘግባት ጠየቀ።

«የእኔ እንግዳ ናት» አሉ አቶ ቢያድግልኝ። ከዚያ ለራሳቸው ለቀናት ሙሉ ከአፋቸው ያልወጣው ቃል ለሰው ሲሆን ያለ ምንም ችግር ወጣ። «ሳህን አምጣላት።»

ሳህኑ መጣ። እንቁላሉ ይጨሳል፣ ዳቦው ትኩስ ነው። የተሰረዘ ሰልጣኝ እራትም ቁርስም የለውም፤ ትርሲት ከትናንት ምሳ ወዲህ እህል አልቀመሰችም።

«ቁርስ ይፈልጋሉ?» አላት ቤቱ።

«አይ፣ በልቻለሁ» አለች።

ማን እንደተናገረ ለማየት ዞር ልትል ምንም አልቀራትም። ዕድሜዋን ሙሉ እንቢ ያለችው ሳትፈልግ፣ እሺ ያለችው ስትፈልግ ነበር። አሁን ግን ሆዷ እየጮኸ፣ ሳህኑን ዓይኗ እየበላው፣ እንቢ ብላለች፤ በሽማግሌው ስም የመጣ ምግብ መብላት አፍራ ነው፣ ደግሞም ሌላ ነገር ጠብቃ። ምን እንደሆነ ግን ልትናገረው አልቻለችም።

«ትንሽ ይቅመሱ» አላት የራሷ ድምፅ።

«አልፈልግም።»

«በሞቴ» አላት፣ ትንፋሿን ስቦ።

«ጠግቤያለሁ።»

ቤቱ የተፈቀደለትን ሦስት ጨርሷል። «እሺ» አለና ሳህኑን መሳብ ጀመረ። አቶ ቢያድግልኝ መዳፋቸውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አሳረፉ።

«ቆይ» አሉት ቤቱን። «ልጅቷን ገና ማንም አልጠየቃትም።»